የሚያኝከው ጣሪያ

ልጅቷ ዱቄቱን ልብ ያለችው የጣሪያው ድጋፎች ሁሉ ከተነሱ በኋላ ነው። በአዲሱ ክፍል ደጃፍ ላይ ጥፍር የምታህል ነጣ ያለች ክምር ነበረች። ሲሚንቶ መስሏት ጠረገቻትና የታናሽ ወንድሟን ትራስ ልታመጣ ወደ ዋናው ቤት ገባች። ስትመለስ ክምሯ እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች።

ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካቻት። ሲሚንቶ እንዲህ አይለሰልስም። ቀና ስትል ከበሩ በላይ ከአርማታው ጠርዝ የወጡትን የቀርከሃ ጫፎች አየች። አባቷ ወደፊት በረንዳ ሲቀጥል እንዲያያዙለት ሆን ብሎ ያስረዘማቸው ናቸው። ከአንደኛው ጫፍ አንዲት ብናኝ ተንሳፍፋ ወረደች። ነፋስ አልነበረም።

አባቷ ግንበኛ ነው። ሌላው ሰው በፌሮ ብረት የሚሠራውን አርማታ እሱ በቀርከሃ እሠራለሁ ብሎ ከተነሳ ወዲህ ሰፈሩ መሳቂያ አድርጎታል። ጎረቤታቸው አናጢው «ኢንጂነር ሸምበቆ» ይለዋል፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቤቱ መቼ ቅጠል እንደሚያወጣ ይጠይቀዋል። አባቷ ግን ሥራውን ያውቃል። ቀርከሃውን ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት በተበጠበጠበት ገንዳ ይዘፈዝፈዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከመሀሉ ለሁለት ይቆርጠዋል፣ ውሃ እንዳይጠጣ ሬንጅ ይቀባዋል፣ አርማታው እንዲይዘው አሸዋ ላይ ያንከባልለዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንጓው በሹል ብረት ከዳር እስከ ዳር መበሳት አለበት። ካልተበሳ መድኃኒቱ ውስጥ አይገባም።

መብሳቱ የእሷ ሥራ ነበር። የመጨረሻውን የቀርከሃ እስር ስትጀምር እጇ ተላልጦ ነበር፤ በማግስቱ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ ጓደኛዋም አጥር ላይ ቆማ «ነይ እንጂ፣ ምን ትንቀራፈፊያለሽ!» ትላታለች። የዳር የዳሩን አንጓ ብቻ ወጋ ወጋ አድርጋ ገንዳው ውስጥ ከተተችው። ከውጭ ሲታይ ከሌላው አይለይም። አባቷ ሲጠይቃት «ጨርሻለሁ» አለችው። እሱም ሳይጠራጠር ሬንጁን ቀባ።

ትራሱን ይዛ ገባች። ወንድሟ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። የራሱ ክፍል እንዲኖረው ዓመቱን ሙሉ ሲነዘንዝ የከረመ ልጅ፣ ዛሬ ዝም ብሏል።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ጣሪያው እያኘከ ነው።»

«አትቀባጥር።»

«ስሚዋ። ስታወሪ ያቆማል፣ ዝም ስትይ ይጀምራል።»

ዝም አለች። መጀመሪያ የራሷን ትንፋሽ ብቻ ሰማች። ከዚያ ከራሷ በላይ፣ ከድፍኑ አርማታ ውስጥ፣ ቅርጥ… ቅርጥ… የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። አንድ ቦታ ቆም ይላል፤ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላው ይቀበለዋል።

በሩ ላይ እናቷ ብቅ አለች። ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ፣ ልጅ ሲያስነጥስ ሆስፒታል የሚታያት ሴት ናት። አርማታው ከተሞላ ጀምሮ አንድም ቀን እዚህ ክፍል ውስጥ ተረጋግታ ቆማ አታውቅም። ዛሬ ግን ብርድ ልብስ ታቅፋ ገባችና ሳቅ እያለች፣ «አባታችሁ እውነቱን ነው፣ እኔ በከንቱ ነው ራሴን የምገድለው፣ ከእንግዲህ አልፈራም» አለች። ብርድ ልብሱን ልጇ ላይ ደርባ፣ እግሩን ሸፋፍና ሄደች።

ልጅቷ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነገ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ይህን ጣሪያ ለማየት ትመጣለች። ከወደደችው አባቷ ለትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍሎች በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ከተናገረች ሥራው ሊቀር ነው፤ ሰፈሩም እስኪበቃው ሊስቅ ነው። ደግሞስ ይህን ያህል ሳምንት የቆመ አርማታ ዛሬ ምን ያጣድፈዋል? አንድ እስር ብቻ ነው። ነገ ማታም መናገር ይቻላል።

ወንድሟ አይኑን ጨፈነ። አፉ በትንሹ ተከፍቷል። ድምፁ ልክ ከፊቱ በላይ ነበር።

ተነስታ ወጣች። አባቷ ግቢ ውስጥ መሣሪያውን ያጥባል።

«አባዬ፣ የመጨረሻውን እስር መሀሉን አልበሳሁትም። ዋሽቼህ ነው።»

ባሊውን አስቀመጠ። ወንበር ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ላዩ ላይ ወጣና አንዱን የቀርከሃ ጫፍ በአውራ ጣቱ ገፋው። ከላይ የተቀባው ሬንጅና አሸዋ እንዳለ ነበር። ጣቱ ግን ያለ ምንም ድምፅ እስከ አንጓው ሰመጠ። ሲያወጣው በዱቄት ነጥቷል።

ወርዶ ገባና ልጁን ከነብርድ ልብሱ አቀፈና ግቢ ለወጣችው እናቱ አስረከበ። እናት ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ወደ ዋናው ቤት ሮጠች። አባትና ልጅ ድጋፎቹን አንድ በአንድ መልሰው አቆሙ። እሱ እንጨቱን ቀና ሲያደርግ እሷ ከሥሩ ሽብልቅ ትመታለች። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ማኘኩ ይቋረጣል፤ መዶሻው ሲያቆም ይቀጥላል። «እዚህ ጋ አጥብቂው» ይላታል አባቷ።

ሲጨርሱ ክፍሉ በድጋፍ ተሞልቶ መተላለፊያ አልነበረውም። አባቷ መብራቱን አጠፋና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እጁ ላይ እንደያዘ ቆመ።

«ለርእሰ መምህርቷ ምን እንደምላት እንጃ» አለ።

«አንተ ምንም አትበላት። ቁልፉ እኔ ጋ ይደር፤ ስትመጣ ከፍቼ የማሳያት እኔ ነኝ። የትኛው እንደተበሳ፣ የትኛው እንዳልተበሳ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ቁልፉን አቀበላት። በሩን ሳበችና ሁለቴ ቆለፈችው።