የእማማ የሻሽወርቅ መጥሪያ

ታምኑም አታምኑም፣ ይህ የሆነ ነገር ነው። እኔ የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው...

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ እስራኤል አገር፣ ሐይፋ፣ ሰው በሞላበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

ልጅቱ ኦሪያን ትባላለች። ወላጆቿ የጎንደር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው ክርያት ሐይም ነው። ሥራዋ ዳታቤዝ፣ የኮምፒውተር መዝገብ ማለት ነው፣ መጠበቅ ነው። ፖስትግሬስ የሚባል፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚሠራበት ዳታቤዝ አለ። መሥሪያ ቤቷ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን የሚመዘግበው በእሱ ነው።

አዛውንቶቹ አንገታቸው ላይ መጥሪያ ያንጠለጥላሉ። ሲወድቁ ይጫኑታል። ያን ጊዜ ቤታቸው ካለችው ሳጥን የሰው ድምፅ ይወጣና "አይዞዎት፣ ሰው ልከናል" ይላቸዋል።

ዳታቤዙ ውስጥ የሌለ መጥሪያ ግን...

ቢጫኑት ማንም አይሰማውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ኒሲም መጣ።

"አንዱ ሰው ሁለቴ እየተመዘገበ አስቸገረን። ድግግሞሹን አጥፊልኝ።"

"ቤሰደር" አለችው፤ በዕብራይስጥ እሺ ማለት ነው።

የእኛ ሰው ስም በዕብራይስጥ ሲጻፍ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስም ተወችው። የቤተሰብ ስሙ፣ የልደት ቀኑና ሕንፃው ከገጠመ አንድ ሰው ነው አለች። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን የሚሰርዝ ትእዛዝ ጻፈች።

ትእዛዙ ሄደ። የተሰረዘው ሰው ከጠበቀችው በዛ።

ፖስትግሬስ ቸር ነው። እስክታጸድቂለት ድረስ የሠራሽውን ሁሉ ይመልስልሻል። ኦሪያንም ገብታ ማን እንደተሰረዘ ማየት ትችል ነበር።

ግን ባቡሩ ሊያመልጣት ነው...

አጸደቀችው።

እሑድ ጠዋት፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር፣ ጥሪ የምትቀበለዋን ሺራንን ዓይኗ ቀልቶ አገኘቻት።

"ክርያት ቢያሊክ አንዲት አሮጊት ሞተው ተገኙ። መታጠቢያ ቤት ወድቀው ነው። መጥሪያውን በእጃቸው ጨብጠውት ነበር። እኛ ጋ ግን አንድም ጥሪ አልገባም።"

ኦሪያን ማሽኑ የደረሰውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ዝርዝር ከፈተች።

የማይታወቅ መጥሪያ። አልተቀበልሁም።

የማይታወቅ መጥሪያ። አልተቀበልሁም።

ከዓርብ ምሽት ጀምሮ፣ ሰንበትን ሙሉ...

ሴትዮዋ የሻሽወርቅ ይባላሉ። እዚያው ሕንፃ፣ ከበታቻቸው፣ ድንቄ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች ነበሩ፤ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። የልደት ቀናቸውም አንድ ነው፤ ጃንዋሪ አንድ።

የኦሪያን ትእዛዝ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ የሻሽወርቅን ሰርዟቸዋል። አገር ሲገቡ የተወለዱበትን ቀን ለማያውቁት ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ይጻፍላቸው እንደነበር ኒሲም ላያውቅ ይችላል። እሷ ግን ታውቃለች። የገዛ እናቷ መታወቂያ ላይ ያለው ቀን እኮ እሱ ነው!

ለማንም አልተነፈሰችም። በሯን ዘግታ፣ የተሰረዙትን ሁሉ ከባክአፑ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂው፣ መለሰች። እማማ የሻሽወርቅንም ከሕያዋኑ ጋር መለሰቻቸው፤ ምንም እንዳልሆነ።

እሳቸው ግን በዚያው ቀን ተቀበሩ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሺራን ከበሩ ብቅ አለች።

"ነይ... አንዲት ሴት ጠርታለች። በአማርኛ ነው መሰለኝ።"

"ማን ናት?"

ሺራን በጣቷ ስክሪኑን አሳየቻት።

የሻሽወርቅ።

መጥሪያውንና ሳጥኗን ቴክኒሻኑ ጠዋት ነቅሎ አምጥቷቸዋል። ሁለቱም እዚያው፣ ከሺራን ጀርባ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ባትሪያቸው ወጥቶ ከጎናቸው ተኝቷል...

ኦሪያን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ ውኃ ሲንጠባጠብ ሰማች። ከዚያ ትንፋሽ።

"ማነሽ?"

"ኦሪያን ነኝ... እማማ።"

"ወለሉ በረደኝ፣ ልጄ።"

አፏ ብቻውን ተናገረ።

"አይዞዎት እማማ። አይጩኹ፣ ይረፉ። መጣሁ።"

"ቤሰደር... እጠብቅሻለሁ።"

ተቋረጠ።

ኦሪያን ቦርሳዋን እንኳ አላነሣችም። አውቶቡስ ይዛ በቀጥታ ክርያት ቢያሊክ፣ ሐዘን ቤቱ ሄደች።

የሟቿ ልጅ ያረጋል ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጢሙን አልተላጨም። ከጎኑ እትየ ድንቄ ደረታቸውን እየመቱ ለለቀስተኛው ይናገራሉ።

"እኔ ነኝ ጉዷን ያየሁ! ቅዳሜ ስትጣራ በጣራዬ በኩል ሰማኋት። ልወጣ ደረጃው ላይ ደርሼ ነበር። ከውስጥ የልጃገረድ ድምፅ ሰማሁ፤ በአማርኛ ነው። 'አይዞዎት እማማ፣ አይጩኹ፣ ይረፉ፣ መጣሁ' አለቻት። ሰው ደረሰላት ብዬ ተመለስሁ። የሻሽወርቅም ከዚያ ወዲያ አልተጣራች..."

ኦሪያን በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

ቃሉን የተናገረችው እኮ ዛሬ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት!

"ጋሼ ያረጋል..." አለች።

እትየ ድንቄ ደረታቸውን መምታት አቆሙ። ቀስ ብለው ዞሩ።

"ይህ ድምፅ ነው" አሉ።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

ኦሪያን እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ተናገረች። ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ባቡሩ፣ የተሰረዙትን በስውር ስለመመለሷ። የዛሬውን ጥሪም አልደበቀችም። ያረጋል አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጠየቃት።

"ለአለቆችሽ ነግረሻል?"

"አልነገርሁም።"

"ለምን?"

"ፈራሁ።"

"እናቴም ፈርታ ነበር" አላት።

ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። ስልኳን አውጥታ፣ በእሱ ፊት ኒሲም ጋ ደወለች፤ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ኒሲም ጮኸባት። አሁን ኦሪያን እዚያ መሥሪያ ቤት አትሠራም። ግን እሱ ቀላሉ ነው።

ስልኩን ስትዘጋ ያረጋል ተነሥቶ ቆሞ ነበር። እሷን አላያትም። ወደ ኮሪደሩ ነው የሚያየው።

"የመታጠቢያ ቤቱን የውኃ ማሞቂያ ማን አበራው?" አለ።

"ማንም" አሉ እትየ ድንቄ። "ከቀብሩ ወዲህ መታጠቢያ ቤቱን የገባበት የለም። ቁልፉ አንተ ኪስ ነው ያለ።"

ከመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር እንፋሎት ይወጣል...

ያረጋል ቁልፉን አዞረ። ኦሪያን ከኋላው ቆመች።

ማንም የለም። ቧንቧው ተዘግቷል። ወለሉ ደረቅ ነው። እንደ አይሁድ ሥርዓት ለሐዘኑ መስታወቱን የሸፈኑበት አንሶላ ወርዶ፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

መስታወቱ በእንፋሎት ነጭ ሆኗል።



ከዚያ መስታወቱ መሃል ላይ አንድ ክብ ቦታ ከእንፋሎቱ እየጠራ መጣ... ቀስ ብሎ፣ በመዳፍ እንደሚጠረግ።

ከመስታወቱ ውስጥ በኩል።