የእማማ መስኮት አሻራ

እውነት ነው። ማመኑ የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ካልተናገርኩት ሊያፈነዳኝ ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች...

የምንኖረው ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ ቤቶች ውስጥ ነው። የቤት ባለቤቶች ማህበራችን ካላጸደቀ በውጭ በኩል ሚስማር እንኳን አይመታም። እኔ ደግሞ በረንዳዬን ዘግቼ ክፍል ላደርገው ቋምጫለሁ። ቅጹ ላይ የቀረኝ አንድ ፊርማ ብቻ ነው፤ የጎን ጎረቤቴ።

እማማ መስኮት እንላቸዋለን። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ቀኑን ሙሉ በረንዳዬን በሚያየው መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

የእኔ ግድግዳ ያንን መስኮት ይደፍነዋል።

ማህበሩ ቅጽ የሚቀበለው እስከ አስር ሰዓት ነው። በራቸውን አንኳኳሁ።

«እማማ... እኔ ነኝ፣ ጎረቤትዎ።»

ደግሜ አንኳኳሁ።

ከዚያ ከውስጥ...

ኳ... ኳ... ኳ...

ከበሩ ታች ነው። ከወለሉ አጠገብ።

«እየመጡ ነው፣ እማማ?»

ኳ... ኳ...

አልዋሻችሁም፤ በሩ ባለመከፈቱ ደስ አለኝ። ቢከፍቱ ኖሮ «መስኮቴንማ አላስደፍንም» ይሉኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በስማቸው ፈረምኩ።

ኳ...

ጥያቸው ቅጹን ላስገባ ሄድኩ።

ሐሙስ ዕለት በራቸው ተሰበረ። እማማ እዚያው በሩ ሥር ወድቀው፣ አንድ እግር ጫማቸውን በእጃቸው እንደጨበጡ ተገኙ።

«እስከ ማክሰኞ ማታ በሕይወት ነበሩ» አለ ሐኪሙ።

ቀብራቸው ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰዎች «እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጥ» ሲሉኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሳምንቱ የማህበሩ ጸሐፊ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ቅጹን አውጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄን ማን ፈረመው?»

«እሳቸው...»

«እማማ እኮ መጻፍ አይችሉም። ሁሌም በአውራ ጣታቸው ነው የሚፈርሙት።»

ክው አልኩ።

«የገረመኝ ግን እሱ አይደለም...» ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «ይሄ ነው። ስትሰጪኝ አልነበረም።»

ከፊርማው አጠገብ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ነካሁት። ቀለሙ አልደረቀም።

«ቅጹን ልሰርዘው?» አለኝ በሹክሹክታ።

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ቃል።

«አሻራቸው ካለማ... ፈቅደዋል ማለት ነው» አልኩት።

ይሄንን ስጽፍ እንኳን ፊቴ ይቃጠላል።

ግድግዳው ተሠራ። መስኮቱ ተደፈነ። ክፍሉ ባለቀ ማግስት፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከአዲሱ ግድግዳ ታች...

ኳ... ኳ... ኳ...

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሐምራዊ አሻራ። ቀለም ቀብቼ ሸፈንኩት።

በነጋታው ሌላ መጣ። ሁለት ስንዝር ላይ።

ትናንት ወገቤ ጋ ደረሰ። እማማ ግድግዳውን ይዘው ቀስ እያሉ እየተነሱ ነው...

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምንም ድምፅ የለም። ተመስገን ብዬ ከክፍሉ ልወጣ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

እርጥብ ነው።

መዳፌን ገልብጬ አየሁት... ሐምራዊ።