አምስተኛዋ ዘንግ

በበሩ ቁልፍ ውስጥ ሁለተኛዋ ዘንግ ቀጭ ብላ ቆመች። በጆሮ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ በጣት ብቻ የሚታወቅ ነው።

«ከፈትሽው?» አለች ቀጭኔ ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ።

«ገና ነው። ደግሞ ማጅራቴ ላይ አትተንፍሺብኝ።»

ካቻቢቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ቡናማ በር ፊት ተንበርክካለች። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ የቁልፍ ሠሪ ልጅ ስለሆነች። ቀጭኔም ቀጭኔ የተባለችው በቁመቷ ነው። ሁለቱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ቀጭኔ ወደ ሱቁ እየሮጠች የመጣችው ከግማሽ ሰዓት በፊት ነበር። የፈተናው ምዝገባ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የልደት ካርዷ ቤት ውስጥ ነው፣ ቁልፍ ጠፍቶባታል፣ እናቷ ሥራ ላይ ናት፣ ስልክም አታነሳም። ዛሬ ያልተመዘገበ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። የካቻቢቴ አባት የመኪና በር ሊከፍት ሌላ ሰፈር ሄዷል። ካቻቢቴ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ከመሳቢያው የመሣሪያውን ቦርሳ አውጥታ ሱቁን ዘጋች።

መክፈት ያስተማራት አባቷ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ በታሰረ አሮጌ የበር ቁልፍ ክረምቱን ሙሉ አለማምዷታል። ያስጠነቀቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱ በሌለበት ቦርሳው ከሱቅ ከወጣ ሁለተኛ አትነካውም። ይህን ሲላት አልጮኸም። ከልቡ ሲናገር አይጮኽም፤ የሚያስፈራትም ይኸው ነው።

በግራ እጇ ጎባጣዋን ብረት ይዛ የቁልፉን ሆድ በትንሹ ወደ ቀኝ ተጭናዋለች። በቀኝ እጇ ጫፉ ቆልመም ያለ ቀጭን ብረት ይዛለች። ውስጡ አምስት ትንንሽ ዘንጎች በጥምዝ ሽቦ ሞላዎች እየተገፉ መንገዱን ዘግተዋል። በቀጭኑ ብረት እያንዳንዷን በልኳ ከፍ ሲያደርጓት ቀጭ ብላ ትቆማለች፤ አምስቱም ሲቆሙ ቁልፉ ይዞራል። ግራ እጅ ሲከብድ ዘንጎቹ ነክሰው ይይዛሉ፤ ሲላላ ደግሞ የቆሙትም ይወድቃሉ። «የተኛ ሕፃን እጅ እንደያዝሽ ያዢው» ይላት ነበር አባቷ።

ሦስተኛዋ ቆመች። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ልትጠርገው አልደፈረችም።

አንዲት ሴትዮ አትክልት የሞላ ፌስታል በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ደረጃውን ወጡ። ቀጭኔን ሲያዩ ቆሙ።

«አንቺ፣ ምነው ጠፋሽ? እናትሽስ ደህና ናት? ሰላም በያት።»

ቀጭኔ ደህና ናት አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጠነ። ሴትዮዋ ብረቶቹን አዩ፣ ተንበርክካ ያለችውንም ልጅ አዩ። ሌላ ነገር ሳይሉ ወደ ላይ ቀጠሉ።

አራተኛዋ ዘንግ ቆመች። ካቻቢቴ ግን እጇን ገታች። እዚሁ የሚኖር ሰው በምን ይጠፋል? ደግሞ የቁልፉ ፊት ያበራል፤ በቀዳዳው ዙሪያ አንድም ጭረት የለም። ሰው በየቀኑ የሚከፍተው በር እንዲህ አያበራም።

አባቷ በር ከመንካቱ በፊት ደንበኛውን ሁልጊዜ የሚጠይቀው ነገር አለ። የራሱ ቤት የሆነ ሰው ሳያስብ ይመልስለታል። ካቻቢቴ አልጠየቀችም ነበር። ጓደኛ ይጠየቃል እንዴ?

«ቀጭኔ፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው?»

«ምን?»

«ዝም ብለሽ መልሺልኝ።»

ቀጭኔ ግድግዳውን ተደገፈች። «የእማዬ የስፌት መኪና ነበር። አሁን ምን እንዳለ አላውቅም።»

ከዚያ ሁሉም ነገር ቀስ በቀስ ወጣ። እሷና እናቷ አክስቷ ቤት ከገቡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። አባቷ በማግስቱ ቁልፉን ለወጠው። ስለ ካርዱ ልትነግረው ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ አላነሳም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

ካቻቢቴ ዓይኗን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ መለሰች።

«የራሴ ካርድ ነው እኮ፣ ካቹ። የኔ ስም ነው ያለበት። ገብቼ ካርዴን ብቻ ነው የማነሳው። አርባ ደቂቃ ቀርቶናል።»

እውነቷን ነው፤ ካርዱ የሷ ነው። በሩ ግን የሷ አይደለም። የቀረችው አንዲት ዘንግ ናት፤ አንድ ጊዜ ቀና ማድረግ ብቻ። የግራ እጇ ጣቶች መደንዘዝ ጀምረዋል። ነገ የቀጭኔ አባት አንድ ነገር ጠፋብኝ ቢል፣ ሴትዮዋ ማንን እንዳዩ ያውቃሉ። ሰፈሩ በሩን ለካቻቢቴ አባት አምኖ ነው የሚሰጠው። ቀጭኔ ካልተመዘገበች ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዴስኩ ላይ አትኖርም።

ግራ እጇን አላላች። አራቱም ዘንጎች ተከታትለው ወደቁ።

«ምን አደረግሽ?»

«ተውኩት።»

«ሲያዩሽ ካቻቢቴ፣ ሲይዙሽ ማስቲካ» አለች ቀጭኔ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ እምቢ አላት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በጉልበቶቿ መሀል ቀበረች።

ካቻቢቴ ብረቶቹን ወደ ቦርሳው መለሰች። ስልኳን አውጥታ የአባቷን ስም ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ደወለች።

«አባዬ፣ ቦርሳውን ይዤ ወጥቻለሁ» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። «አዎ፣ ሰው በር ላይ ነኝ። አልከፈትኩትም።»

በዚያኛው ወገን የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። አባቷ ሳይጮኽ፣ የማን በር እንደሆነ ጠየቃት።

ካቻቢቴ ከጓደኛዋ ጎን ተቀመጠችና ስልኩን ዘረጋችላት።

«አንቺ ንገሪው። እንዳለ ንገሪው። አባትሽ የሚሠራበትንም ንገሪውና አሁኑኑ ሄደን እናነጋግረው። ሦስታችንም።»

ቀጭኔ ቀና ብላ ስልኩን አየችው፤ አልተቀበለችም። «ሄሎ» ይላል የካቻቢቴ አባት። «ሄሎ፣ ማን ነሽ ልጄ?» የልጁ እጅ ግን እንደተዘረጋ ቆየ።