የማይነካው ሂሳብ

የኤሊኤዘርን ሬሳ ከመብራት ምሰሶው ሲያወርዱት ጓንቱ ገና ይጨስ ነበር። መርማሪ ዞራይዳ ሌብሮን ስትደርስ ሚስቱ ሚልካ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም ሊያነሳት አልደፈረም። ሲጠግነው የነበረው መስመር ኃይል ተቋርጦበት፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ማብሪያ ላይ «ሰው አለ» የሚል ቀይ ምልክት ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ሰው ምልክቱን አንስቶ መብራቱን ለቆታል።

ያን ጠዋት የፑንታ ሳባና መብራት ማኅበር መቆጣጠሪያ ክፍል የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ሥራ አስኪያጁ ዊልፍሬዶ፣ ገንዘብ ያዧ ዶኛ ኔሬይዳ፣ እና ስለ ውሉ ሲጨቃጨቅ ያረፈደው የበረዶ ፋብሪካው ባለቤት ዶን ኤዴልሚሮ። ሦስቱም «እኔ አልነካሁም» አሉ።

«ምን ሰማህ?» አለችው የጥገና መኪናውን ሾፌር።

«ከቢሮ በሬዲዮ ጠየቁት። ጥያቄው እታች አልተሰማኝም። እሱ ግን ‹ሊስቶ› አለ። ከዚያማ...»

በዚያ አገር «ሊስቶ» ማለት «ጨረስኩ» ነው፤ «ለመጀመር ዝግጁ ነኝ» ማለትም ነው።

ዞራይዳ ማብሪያው የመዘገበውን ሰዓት አየች። መብራቱ የተለቀቀው 3:52 ላይ ነው። የጠፋው ደግሞ በዋዜማው 3:55 ላይ ነበር። ሃያ አራት ሰዓት ሊሞላ የቀሩት ሦስት ደቂቃዎች አልዋጥ ስላሏት የፋብሪካውን ውል አስመጣች። መብራት ሃያ አራት ሰዓት ከጠፋ ፋብሪካው የወሩን ክፍያ አይከፍልም ይላል።

«ዶኛ፣ ይሄ ክፍያ ቢቀር ምን ይመጣል?»

«የመጠባበቂያ ሂሳቡ ይነካል» አለች ኔሬይዳ። «መስመሩን የዘረጋነው ቦንድ ሸጠን ነው። ለአበዳሪዎቹ ማስተማመኛ የአንድ ዓመት ክፍያ ባንክ ተቆልፎ ተቀምጧል። የወሩ ገቢ ከጎደለ ባንኩ ከዚያ ይከፍላቸዋል።»

«ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነዋ!»

«ለእነሱ ክፉ ቀን እንጂ ለእኛማ መች ሆነና፣ ልጄ! የተነካው በአሥራ ሁለት ወር መሞላት አለበት። ከየቤቱ ሂሳብ ላይ ተጨምሮ ነው የሚሞላው። ያውም ከደሞዝና ከጥገና በፊት።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ዶን ኤዴልሚሮ ሦስት ደቂቃ ቢታገሡ ክፍያው ይቀርላቸው ነበር። ስለዚህ እሳቸው አያበሩም። ዊልፍሬዶ ሃያ ዓመት ምሰሶ ወጥቷል። መልሱ ‹ሊስቶ› ከሆነ ጥያቄውም ‹ሊስቶ?› ነበር። ምሰሶ የወጣ ሰው ‹እግርህ መሬት ነክቷል?› ይላል እንጂ ‹ሊስቶ?› ብሎ አይጠይቅም፤ በዚያ መልስም አያበራም። ያበራው ውሉን የሚያውቅ፣ ዓይኑን ከሰዓት ላይ ያልነቀለ የቢሮ ሰው ነው።»

ኔሬይዳ አልካደችም።

«ጨርሶ የወረደ መስሎኝ ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዓመት ሙሉ ሊቀጣ ነው ብዬ...»

«ይቅርታ አድርጉልኝና» አለ ዶን ኤዴልሚሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መብራቱ እኮ አራት ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ነው ተመልሶ የጠፋው። ይሄ እንደ በራ አይቆጠርም። ውል ውል ነው። የምከፍለው የለም።»

«አንተ ደግሞ ሰው ነህ?» ብሎ ዊልፍሬዶ ተነሳበት። ዞራይዳ ክንዱን ያዘችው። እሷም በጥፊ ብትለው ደስ ባላት፤ ግን ሰውየው ያለው ነገር እውነት ነበር፤ በሕግ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። ገዳዩን አግኝታለች፤ ሟቹ ግን በከንቱ ነው የሞተው።

በወሩ ሚልካ የመብራት ሂሳብ ወረቀት ይዛ ጣቢያ መጣች።

«ይቺ ‹የመጠባበቂያ ማሟያ› የምትል ምንድን ናት? ድሮ አልነበረችም።»

ዞራይዳ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት።

«ለስንት ጊዜ ነው?»

«አሥራ ሁለት ወር።»

ሚልካ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«በየት በኩል ነው የሚከፈለው?» አለች። «እስከ ዛሬ የሚከፍለው እሱ ነበር።»