ሳንቲም ያልተጣለበት ክርክር

ጃስፐር ከደሴቷ ከተማ ከሆባርት ሊሄድ መሆኑን ለብሪዮኒ የነገራት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ወደቡ ዳር ቆመው የዓሣ ፓይ ሲበሉ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አፍን በፓይ ሞልቶ ይነገራል?

«ባሕር ማዶ፣ አደሌድ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» አላት። «ያው ማስተማር ነው። የዛሬ ሳምንት መኪናዬን መርከብ ላይ ጭኜ እሻገራለሁ።»

«ውይ፣ ጥሩ ነው!» አለች ብሪዮኒ። «እንኳን ደስ አለህ።»

የተረፋትን ፓይ ወረቀቱ ውስጥ መልሳ ጠቀለለችው። እሱ ዓይኑን ከባሕሩ ላይ አልነቀለም፤ እሷ ደግሞ ጆሮውን ታየዋለች። ጃስፐር ሲከፋው ጆሮው ይቀላል፤ አሁንም ቀልቷል። ጥሩ ሥራ ያገኘ ሰው ምን ሆኖ ይከፋዋል? ብላ ግን አልጠየቀችም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ከዚህ ሰው ጋር ስለ እውነት፣ ስለ ደስታ፣ ስለ ነፃ ፈቃድ ስትለፈልፍ የኖረች ሴት፣ «አትሂድብኝ» የምትለውን አንዲት ቃል ማውጣት አቃታት።

«እንግዲህ ነገ የመጨረሻ የሬዲዮ ፕሮግራማችን ነው ማለት ነው» አለች በመጨረሻ።

«ነው» አላት።

የተዋወቁት መነጽር ቤት ውስጥ ነው። ብሪዮኒ እዚያ ትሠራለች፤ እሱ እጀታው የተሰበረ መነጽር ይዞ መጣ።

«መስታወቱን ሁለት ጊዜ፣ ፍሬሙን አንድ ጊዜ አስቀይሬዋለሁ» አላት። «አሁን ይሄ ያው የድሮው መነጽሬ ነው ወይስ ሌላ ነው?»

«እንደኔ አዲስ ነው» አለችው ቀና ሳትል። «እንደ ዋስትና ወረቀቱ ግን ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል።»

እዚያው ቆሞ እስኪያለቅስ ሳቀ። በወሩ ከሰፈሩ ሬዲዮ ጣቢያ እሑድ ጠዋት የአንድ ሰዓት ጊዜ ተሰጣቸውና «ጥያቄና ብስኩት» የሚል ፕሮግራም ጀመሩ። ነገሩ ቀላል ነው። ከፍልስፍና አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ ከቴሌቪዥን፣ ከፊልም ወይም ከዘፈን ደግሞ አንድ ነገር ያመጣሉ፤ ብስኩት እየበሉ ይከራከራሉ። የኬክ ውድድር ላይ የተሸነፈች ሴት ካለቀሰች «ፍትሕ ምንድን ነው?» ይላሉ። ጭምብል የለበሰ የፊልም ጀግና ከተማ ካዳነ፣ ሲዋጋ ላፈረሰው ሕንፃ ማን ይጠየቃል ይላሉ። ዓሣ አጥማጁም፣ ከአዳር ፈረቃ የወጣችው ነርስም እያዳመጡ ይስቃሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ማን የትኛውን ወገን ይዞ እንደሚከራከር የሚወስነው ሳንቲም ነው፤ ያቺ በአንድ ገጿ ንግሥቲቱ፣ በሌላው ካንጋሩ ያለባት ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ሃምሳ ሳንቲም። ንግሥቲቱ ከወጣች ብሪዮኒ «አዎ» የሚለውን ትይዛለች፤ ካንጋሩው ከወጣ «አይደለም» የሚለውን። የደረሳቸውን ወገን የልባቸው አስመስለው ይሟገታሉ፤ እውነተኛ ሐሳባቸውን ግን አንዱ ለሌላው አይናገርም። ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ችግሩም።

ከሁለት ወር በፊት ጥያቄው «ጓደኛሞች ቢፋቀሩ ጓደኝነታቸው ይተርፋል?» የሚል ነበር። በቴሌቪዥን አንድ የፍቅር ውድድር ይታይ ስለነበር፣ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያው ነበር። ጃስፐር ሳንቲሙን ወረወረ። ሳንቲሙ ጠረጴዛው ላይ ነጠር ብሎ ወደቀና የት እንደገባ ጠፋ። የቀጥታ ስርጭቱ ቀይ መብራት በርቷል፤ አድማጭ ይጠብቃል። ብሪዮኒ ደነገጠችና «‹አይተርፍም› የሚለውን እኔ ይዣለሁ!» አለች።

የዚያን ቀን እንዴት እንደተሟገተች! «ፍቅር ሲያልቅ ጓደኛህንም ይዞብህ ይሄዳል» አለች። ጃስፐር ግን ያ ሁሉ አንደበቱ ተሳስሮ ሲንተባተብ ዋለ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ከፕሮግራሙ በኋላ እስከ ቤቷ መሸኘቱን ተወ። አንድ ጊዜ ወንድሙ ይጠብቀዋል፣ አንድ ጊዜ የተማሪ ፈተና ያርማል። እሷም ሰለቸሁት ብላ ደመደመች።

በነጋታው እሑድ ብሪዮኒ ቀደም ብላ ስቱዲዮ ስትደርስ፣ ድምፅ የሚቆጣጠሩት ቤሪል ምንጣፉን ጠቅልለው መሬቱን ይጠርጋሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ሥራም ወሬም አይደክማቸውም።

«ነይ እስቲ አንቺ! እንኪ፣ የጠፋው ሳንቲማችሁ» አሏት። «ምንጣፉ ሥር ተወሽቆ ነው የኖረው። አሁን ገና ትዝ አለኝ። ያን እሑድ አንቺ ከወጣሽ በኋላ ያ ልጅ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ቤሪል፣ ሰው ሳንቲም ሳይጣል ዘሎ የያዘው ወገን የገዛ እምነቱ ነው፣ አይደል?›»

ብሪዮኒ ሳንቲሙን ተቀበለች። «እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ታዲያሳ!› አልኩት። ኳስ እየሰማሁ ነበር፣ ልብ ብዬ መች አዳመጥኩት! ምነው፣ ጥፋት ነው?»

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ብሪዮኒ፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ጃስፐር መጣ። ቀዩ መብራት በራ።

«የዛሬው ጥያቄ» አለ ጃስፐር፣ ድምፁን ደስተኛ ለማስመሰል እየታገለ፣ «አባላቱ አንድ በአንድ ወጥተው በሌላ የተተኩበት የሙዚቃ ባንድ፣ ያው ባንድ ነው ወይ? ብሪዮኒ፣ ሳንቲም ይዘሻል?»

ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አንዱ ጥግ ላይ ጭረት አለው፤ ወዲያው አወቀው።

«የት ተገኘ?»

«ምንጣፍ ሥር። ከመጣሉ በፊት ግን አንድ ማስተካከያ አለኝ።» ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «አድማጮቻችን፣ ከሁለት ወር በፊት ጓደኛሞች ከተፋቀሩ ጓደኝነታቸው አይተርፍም ብዬ ተከራክሬ አሸንፌ ነበር። ካልኩት ውስጥ አንዲቷንም ቃል አላምንባትም።»

«ብሪዮኒ፣ ሕጋችን—»

«ሕጉ ሳንቲም ለተጣለበት ቀን ነው። ያን ቀን አልተጣለም።»

ጃስፐር መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «ታዲያ ለምን መረጥሽው?»

«ሌላውን ብይዝ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበራ! አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ‹ጓደኛሞች ይፋቀሩ› እያልኩ፣ እንዴት አድርጌ ክርክር ላስመስለው? እወድሃለሁ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

ስቱዲዮው ጸጥ አለ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ነውር ነው፤ ቤሪል ሦስት ሰከንድ ካለፈ ርኅራኄ የላቸውም፣ ሙዚቃ ይለቃሉ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደረሰ። ከዚያ ልጆቹን አዩና እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። አምስት ሰከንድ። ስምንት። ጃስፐር ያያታል፤ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ግን አልከፋውም። አሥራ አንድ።

«እኔ ያን ቀን ለምን እንደተሸነፍኩ ታውቂያለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እንቅልፍ አጥቼ ነው ብለኸኛል።»

«ዋሽቼሽ ነው። የምሟገትለት ነገር የገዛ ልቤ ነበር። ሰው ለልቡ ሊከራከር ሲሞክር ምላሱ ይተሳሰራል። አንቺ ደግሞ እንደዚያ ስታፈርሺው፣ በየእሑዱ ፊትሽ ተቀምጬ ብስኩት መብላቱን አልቻልኩትም። ለዚህ ነው አደሌድ ያመለከትኩት።»

የስልኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማንም አላነሳውም።

«አሁንስ?» አለች።

«ውሉን አልፈረምኩም፤ ሄጄ ነው የምፈርመው። እዚህም ቦታዬን ገና ለሌላ አልሰጡትም።» ሳንቲሙን ከጠረጴዛው አንስቶ በአውራ ጣቱ ላይ አስቀመጠ። ይህንንም ለሳንቲም ሊተወው ነው?

ጃስፐር ሳንቲሙን አንድ ጊዜ አየው፤ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«‹ጃስፐር እዚሁ ሆባርት ይቅር› የሚለውን ወገን እኔ ይዣለሁ» አለ።

«ሳንቲም ሳይጣል?»

«ሳንቲም ሳይጣል።»

ቤሪል ሙዚቃውን የለቀቁት ያን ጊዜ ነው። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደነበር ከሦስቱ አንዳቸውም አያስታውሱም።