የኤልዳና ጾም

ሰማይ ሰፈር ምድርን እየዞረች የምትኖር ከተማ ስለሆነች ፀሐይ በየሰዓት ተኩሉ ትወጣለች፤ ስለዚህ እዚያ «ጠዋት» የሚባለው ማእዴ ቁርስ ያቀረበችበት ጊዜ ነው። ማእዴ የነፌቨን ምግብ አታሚ ናት፤ ዱቄቱንም ቅባቱንም ከጋኖቿ ስባ የታዘዘችውን ምግብ ሳህን ላይ አትማ የምታወጣ፣ ጨዋ ግን ትንሽ ግትር ማሽን።

አንድ ጠዋት ፌቨን ፊቷ ቆመች። ግሉተንና ወተት ማቆም ለኦቲዝም ፍቱን ነው ብለው ጎረቤቶቿ አሳምነዋታል። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው፣ ሊጥን እንዲለጠጥ የሚያደርገው ነገር ነው። ሐኪሙ «ማስረጃው ደካማ ነው፤ ከሞከራችሁም የልጅቷን ክብደት እየተከታተልን ይሁን» ቢላትም እሷ የሰማችው መሞከሩን ብቻ ነው። ኦቲዝም ያለባት ልጇ ኤልዳና ስድስት ዓመት አልፏታል። ገበታ ሲቀርብ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች፤ የምትበላውም እዚያው ሆና አይብ ያለበት ማካሮኒ ብቻ ነው። ፌቨን ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ስትበላ ለማየት የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

«ማእዴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ፣ ስንዴ በዚህ ቤት የለም።»

«ጾም ገባ ማለት ነው?»

«አዎ፣ በቃ ጾም በይው!»

ባሏ ሙሉዓለምም ሳይጠየቅ ጾመኛ ሆነ። «እኔ ምን አጠፋሁ?» ቢል «እሷ እያየችህ ዳቦ ልትገምጥ ነው?» ተባለ። ስለዚህ ዳቦውን መሥሪያ ቤቱ፣ አየር ማጣሪያው ጀርባ ተደብቆ መግመጥ ጀመረ። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት በገበታ ሰዓት እንኳ የማይዘጋው፣ ስክሪን የሆነው ግድግዳቸው ድምፁ ጠፋ፤ የሙሉዓለም ኳስም፣ የፌቨን ድራማም ድዳ ሆኑ። ጥገና ክፍል ሲደወልለት «እየመጣን ነው» አለ። ጥገና ክፍልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አልመጣም።

ኤልዳና ግን ጉድ አሳየቻቸው! መጀመሪያ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ቆይታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ቀን ደግሞ ሳህኗን ገፋ አድርጋ «ጨምሪ» አለች። ሰው የነካውን ስለማትበላ ምግቧን የቀመሰላት የለም፤ ማእዴ የምታትመው የጤፍ ማካሮኒና የጾም አይብ ደግሞ ለዓይን ከዋናው አይለይም። ፌቨን በደስታ አለቀሰች፤ ከዚያም ቤት ለቤት እየዞረች ሰበከች። ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ሰፈር ወተት አቆመ።

ኤልዳና ሰባት ዓመት በሞላት ጠዋት ግን አንዴ ጎርሳ ተፋችው።

«ይሄ አይደለም!»

«ማእዴ፣ ለልጄ ምን ሰጠሻት?» ፌቨን ጮኸች።

«እንኳን ለመጀመሪያ ጾሟ አደረሳት፣ እመቤቴ።»

«የምን የመጀመሪያ?»

«ሕፃን አይጾምማ! ሰባት እስኪሞላት አይቡንም ስንዴውንም ሳላጓድል ሰጥቻታለሁ። የጾማችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሙሉዓለም ሳቁ አመለጠው። «ግማሽ ሰፈር ወተት አስጥለሽ!»

ፌቨን መሳቅ አልቻለችም። ያን ሁሉ ተስፋ የጣለችበት ምግብ ከዛሬ በፊት ልጇ አፍ ገብቶ እንኳ አያውቅም። «ታዲያ ከጠረጴዛው ሥር ምን አወጣት?» አለች።

«እሱን እንኳ አላውቅም» አለች ማእዴ። «እኔ በጾም ዘፈንና ጭፈራ ስለማይገባ የግድግዳውን ድምፅ ከመዝጋት በቀር የጨመርኩት የለም። ልክፈተው?»

ባልና ሚስት ተያዩ። ሐኪም ጠይቀዋል፣ ጎረቤት ጠይቀዋል፣ አሁን ደግሞ ማሽን እየጠየቁ ነው። ልጅቷን ግን አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ፌቨን አፈረች። ከልጇ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ ብላ በለሆሳስ ተናገረች።

«ኤልዳዬ፣ ድምፁ ይከፈት?»

ኤልዳና መልሱን ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት። ሁለቱም ሳይቸኩሉ ጠበቋት።

«ያመኛል» አለች።

ፌቨን እንባዋን ጠረገች። «ማእዴ፣ አይቧንና ማካሮኒዋን መልሽላት። ድምፁ እንደተዘጋ ይቆይ።»

«እስከ መቼ፣ እመቤቴ?»

ሙሉዓለም፣ ያ ኳስ ሳያይ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ሚስቱን ቀድሞ መለሰ።

«እሷን ጠይቂያት።»