አራቱ ኮልማኖች

መጀመሪያ የተሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው። ጧ... ጧ... ጧ። የቅዳሜ ንጋት ጉም ሜዳውን ስለዋጠው ካሮሊን ኮልማን በማድቤቷ መስኮት ብታሻግር ከራሷ አጥር ወዲያ የሚታያት አልነበረም። ከጎረቤቷ ከቨርጂል በረት የላም ማለቢያው ማሽን እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። መዶሻው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ አንድ መኪና ተነሥቶ ሄደ። ማሽኑ ግን ማጉረምረሙን አላቋረጠም።

«ሽማግሌው የምርጫ ሰሌዳውን ተከለ» አለች ለራሷ።

ጉሙ ሲገፈፍ ቨርጂል ኮልማን በእርሻው ጥግ፣ ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አናቱ ተፈርክሷል። ከራስጌው ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ በሁለት ወፋፍራም ችካሎች ቆሟል። በነጩ ላይ በሰማያዊ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ኮልማን።

በዚያ የኢንዲያና ወረዳ ይህ ስም ብቻውን ይበቃ ነበር። የምክር ቤቱ ሴናተር ኤምሪ ኮልማን፣ ሸሪፉ ዌድ ኮልማን፣ ምርጫ የምታስፈጽመው የወረዳው ጸሐፊ ካሮሊን ኮልማን። አንዳቸውም ከሌላው ጋር በሥጋ አይዛመዱም፤ ሕዝቡ ግን አባቱ የመረጠውን ስም ይመርጣል። ዘንድሮ ሸሪፉ የሴናተሩን ወንበር ፈልጎ ተነሣ። ፉክክሩ የሁለት ኮልማኖች ሆነ ሲባል፣ ላም ከማለብ በቀር ሌላ የማያውቀው ቨርጂል ሦስተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ሳቀ። ዌድ ብቻ አልሳቀም።

የአስከሬን መርማሪዋ ሎርና ስታውፈር ስትደርስ ሸሪፉ ሽርጡን እንኳ አልፈታም። ከእሳት አደጋ ጓዶች አዳራሽ፣ ለመራጮች ፓንኬክ ከሚጋገርበት፣ ተጠርቶ መምጣቱ ነው። እጅጌው ዱቄት ነክቶታል።

«ደረስሽ ሎርና? እዚህ እንኳ ብዙ አትደክሚም፤ ነገሩ ያለቀ ነው።»

«ማን ጨረሰው?»

«ትሮይ ነዋ! አማቹ! እርሻውን ሽጥ፣ አልሸጥም ሲባባሉ የከረሙ ናቸው። ሽማግሌው ይችን ሰሌዳ ተክሎ ቀና ሲል፣ በገዛ መዶሻው አናቱን አለው።»

«መዶሻው የታለ?»

«ኩሬው ያውልሽ። ወርውሮት ይሆናላ።»

ከሸሪፉ መኪና የኋላ ወንበር ትሮይ በካቴና እንደታሰረ ጮኸ። «ሎርና! በፈጠረሽ! እኔ ላም በማለብ ላይ ነበርኩ! ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች!»

«ዝም በል አንተ!» አለ ዌድ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰኞ የሞቱን ምክንያት ፈርሚልኝ። ዓቃቤ ሕጉ በነፍስ ግድያ ይከሰዋል፤ ማክሰኞ ሰዉ በሰላም ይመርጣል።»

«አስከሬኑን ሳላይ አልፈርምም።»

«እሺ እሺ። ነይ እንግዲህ እኔንም እሰሪኝ!» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ በወረዳው የታወቀ ነው። በዚያ አገር ሕግ ሸሪፍ ቢያጠፋ የሚያስረው አስከሬን መርማሪው ብቻ ነው። «ለመሆኑ ከሞተ ሰው በቀር ማንን ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

ሎርና የሟቹን ጭነት መኪና እያየች ነበር። ከኋላው ቀጫጭን የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ኮልማን ይላሉ፤ እግራቸው ሽቦ ነው። ጎንበስ ብላ የሟቹን ቦቲ አየች። በሶሉ መሐል ቀጭን ሰርጓዳ መስመር አለ። ከዚያ ወደ እንጨቱ ሰሌዳ ሄዳ የታች ጠርዙን በጣቷ ዳበሰች። ሦስቱ ጠርዞች አርጅተው ጠቁረዋል፤ የታችኛው ግን ነጭ ነው፣ ትኩስ የጥድ ሽታ ይሸታል።

«ሰሌዳውን እወስደዋለሁ» አለች።

«ለመታሰቢያ?» አለ ዌድ።

*

ካሮሊን በረንዳዋ ላይ ተቀበለቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ድምፁን ሰማሁ፣ ሎርና። እየሰማሁት ነው የሞተው።»

«መዶሻው ሲመታ ማለቢያው ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር። መኪናው ከሄደ በኋላም ያጉረመርም ነበር።»

«የማን መኪና ነው?»

«ጉም ነው እኮ! የመንግሥት ይሁን የሰው በምን አውቄ?» ካሮሊን ድንገት ተቆጣች። «ደግሞ እኔንም ልትጠረጥሪኝ ነው? ስሜ ኮልማን ስለሆነ?»

«የአንቺ ሰሌዳ ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ‹ጸሐፊ ኮልማን› ነዋ። በየምርጫው አውጥቼ የምተክለው እሱኑ ነው።»

ሴናተር ኤምሪ ኮልማን ዘንድ ስትደርስ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከበራቸው ፊት አንድ ያረጀ ሰሌዳ ቆሟል፦ ሴናተር ኮልማን።

«አባቴ የሠራው ነው» አሉ። «ቀለሙን እናድሳለን እንጂ ቃሉን ነክተነው አናውቅም።»

«ቨርጂል ለምን የተወዳደረ ይመስልዎታል?»

«ነፃ አገር ነው፣ ልጄ።»

«ቤተ ክርስቲያን ስሙን ሲጠሩት እንኳ የሚደነግጥ ሰው ነበር።»

ሴናተሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ውስጡን አዩ፤ አንድ ነገር ፈልገው እንዳጡ ሁሉ መልሰው አስቀመጡት። «ደህና ሰው ነበር» አሉ። 

እሑድ ሎርና ከአስከሬኑ ጋር ዋለች። የቨርጂል ቀኝ ትከሻ ድሮ ተሰብሮ አጥንት ለአጥንት ተጣብቆ ቀርቷል። ደጋግማ አየችው። ዌድ የባሏን ሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ መቃብሩ ሲደፈን ክንዷን ይዞ ያቆማት እሱ ነው። ፊቷን ታጥባ፣ ለክፍለ ግዛቱ ፖሊስና ለዳኛው ደወለች።

*

ሰኞ በእሳት አደጋ ጓዶች አዳራሽ ውስጥ ካሮሊን የድምፅ መስጫ መጋረጃዎችን ታሰቅላለች። ሸሪፉና ሴናተሩ ለማየት መጥተዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ነገ የሚታደለው ወረቀት ላይ የቨርጂል ስም በሁለቱ መካከል እንደታተመ ነው።

ሎርና ሰሌዳውን ተሸክማ ገባች። ከኋላዋ ሁለት የክፍለ ግዛት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ፈረምሽ?» አለ ዌድ።

«የመጣሁት ለእሱ ነው። ቅዳሜ ያልከኝን እስቲ ድገምልኝ። ይህን ሰሌዳ ማን ተከለው?»

«ቨርጂል። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ይህ ችካል በሁለት እጅ በከባድ መዶሻ ነው የሚገባው። የቨርጂል ቀኝ እጅ ከደረቱ በላይ አይነሣም። ለዚህ ነው የሽቦ እግር ያለው ሰሌዳ የገዛ፤ በእግሩ ረግጦ ነው የሚተክለው። የሽቦው ምልክት ቦቲው ላይ አለ። ካሮሊን የሰማችው መዶሻ የቨርጂል አልነበረም።»

«የትሮይ ነዋ!»

«ትሮይማ አማቱን ሊገድል ሲወጣ የምርጫ ሰሌዳ ይተክላል?»

ካሮሊን መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች። «ደግሞ ማለቢያው ይሠራ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ብቻውን ጥሎት መውጣት አይቻልም። ከላም ወደ ላም የሚያዛውረው ይፈልጋል።»

«መኪናው ከሄደ በኋላ እንኳ ትሮይ ላም በማለብ ላይ ነበር» አለች ሎርና። «እንግዲህ ሰሌዳው የማነው? ኮልማን ይላል፤ ሁላችንም የሟቹ ነው ብለን አለፍን። ግን የታች ጠርዙን እዩ። በቅርቡ በመጋዝ ተቆርጧል። ከስሙ ሥር ሌላ ቃል ነበረ። ካሮሊን ጸሐፊ ነበረች፣ ጸሐፊ ለመሆን ትወዳደራለች። ሴናተሩም ሴናተር ናቸው። ሹመት የሚቀይር ሰው ብቻ ነው ሰሌዳውን የሚቆርጠው።»

«አሮጌ እንጨት ሁሉ ይቆረጣል» አለ ዌድ። ድምፁ ግን ደርቋል።

«አንተ ቆጣቢ ሰው ነህ፤ አዲስ ከማሠራት ትቆርጣለህ። ቁራጩንም አትጥልም።» ወደ ምድጃው ሄደች። አጠገቡ ቅዳሜ ለፓንኬኩ የመጣ የማገዶ ሣጥን አለ፤ ግማሹ አልነደደም። እያገላበጠች ነጭ የተቀቡ ረጅም የእንጨት ቁራጮች፣ ፊታቸውን ወደ ራሷ አዙራ፣ አወጣች። አንዱን ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር አጋጠመችው፤ እምቢ አለ። ሌላውን ሞከረች፤ እምቢ አለ።  ሦስተኛው እንደ ተሰበረ ሸክላ ገጠመ። የእንጨቱ ዓይን እንኳ ለሁለት ተከፍሎ ነበርና ክቡ ሞላ።

ከኮልማን ሥር ሙሉ ቃል ተነበበ፦ ሸሪፍ።

«ማገዶውን ማን አመጣ?» አለች ካሮሊንን እያየች።

«ዌድ» አለች ካሮሊን። «ራሱ ተሸክሞ ገባ። እንዲያውም አመስግኜዋለሁ።»

«ሰሌዳህን ነቅለህ ብትሄድ ጉድጓዱ ይናገራል። ብትተወው ግን የሟቹን ስም ይዟል። ስማችሁ አንድ በመሆኑ ተማመንክ። ፖሊሶቹ በዳኛው ትእዛዝ መዶሻውን ከመኪናህ ወንበር ሥር አግኝተውታል፤ ታጥቧል፣ እጀታው ሥር ግን ደም አለ።»

ዌድ በሩን አየ። ፖሊሶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ የመያዝ ሥልጣኑ የእነሱ አልነበረም። ሎርና ካቴናውን ከኪሷ አወጣች። 

«እጅህን ስጠኝ፣ ዌድ።»

«አንቺ? እኔን? ባልሽን የተሸከምኩልሽ ሰውዬ?»

«እጅህን ስጠኝ።»

ሰጣት። ካቴናው ጠቅ ሲል ትልቁ ሰውዬ ባንዴ ያነሰ መሰለ። «ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ሰሌዳ ልተክል ነው የሄድኩት። ከጉሙ ብቅ አለ። ለመንኩት እኮ! ሁለታችንም ‹ኮልማን› ብቻ ነን፣ ድምፄን ትከፍልብኛለህ፤ ተውኩት በል፣ አንድ ቃል ነው አልኩት። ‹አልችልም ዌድ፣ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ› አለኝ። ደጋግሞ እሱኑ ብቻ። ቃል ሰጥቻለሁ...»

«ለማን?» አለች ካሮሊን።

 ሎርና ከፖሊሶቹ ወደ አንዱ ዞራ፣ «ሂዱና ትሮይን ፍቱት። ሚስቱ ዘንድ አድርሱት» አለች።

«ለቨርጂል የምርጫውን ቀን የማስታውሰው እኔ ነበርኩ» አለች ካሮሊን፤ አሁን ድምፏ ከፍ ብሏል። «ማን ነው እሱን ሂድ ተመዝገብ ያለው? ለማን ነው ቃል የሰጠው?»

ሴናተር ኤምሪ ኮልማን ከወንበራቸው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። በሰሌዳው አጠገብ፣ በሸሪፉ አጠገብ፣ በፖሊሶቹ መካከል አልፈው፣ ወደ ማንም ሳይዞሩ በሩን ከፍተው ወጡ።